ደጁ የሕዝብ፣ ቤቱ የንጉሥ፦ የቤዛዊት ተራራ የጉዳይ ጥናት

ከባሕር ዳር መሃል ተነስቶ በጎንደር መንገድ ዓባይን የተሻገረ ሰው፣ ወደ ቀኝ ታጥፎ የወንዙን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ሽቅብ ቢሄድ ቤዛዊት ላይ ይደርሳል። ባጃጅ ይወጣዋል። በእግር የሚሄድም ቢሆን በዛፍ ጥላ እያረፈ ሳይደክመው ይደርሳል። ከአናቱ ላይ ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ ከተማው በዘንባባና በጃካራንዳ መሃል ተዘርግቶ ይታያል፤ በሰሜን ምዕራብ የጣና ውሃ ከሰማዩ ጋር ይገጥማል፤ ከሥር ደግሞ ዓባይ ከሐይቁ ተነጥሎ ወደ ጢስ ዓባይ የሚጀምረው ጉዞ ወለል ብሎ ይታያል። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሐይቁንም ወንዙንም ከተማውንም በአንድ እይታ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ከፍታ በቅርቧ ሌላ የላትም።

ቤዛዊት የሚለው ስም ቤዛ ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ቤዛዊተ ዓለም ከሚለው የእመቤታችን መጠሪያም ጋር ይገጥማል። በዘመናችን ግን ተራራው ሲነሳ ሰው የሚያስበው በላዩ ያለውን ቤተ መንግሥት ነው። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1967 ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተሠራ ሲሆን በእኛ አቆጣጠር በ1959 እና በ1960 መካከል ይውላል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አንደኛው 1967 የፈረንጆቹ፣ ሁለተኛው የእኛ በመሆኑ፣ ስለ ቦታው ሲወራም ሆነ ሲጻፍ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ። በተራራው ላይ ወደፊት የሚተከል ማንኛውም ሰሌዳ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ሊጽፍ ይገባል። ባጭሩ፣ ቤቱ የተሠራለትን ሰው ያገለገለው ሰባት ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ለብቻው የወጣ ሐሳብ አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ባሕር ዳር በአንድ ጊዜ ትልቅ ከተማ ለመሆን እየተዘጋጀች ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጣሊያን የጦር ካሳ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ተከፈተ። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 መብራት ሰጠ። የጀርመኑ የከተማ ፕላን ባለሙያ ማክስ ጉተር የመራው ቡድንም ሰፋፊ ጎዳናዎች ያሏትን ከተማ ነደፈ። ንጉሡ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ከቤዛዊት ቆሞ እነዚያን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች የሚያይ ሰው ፕላኑን ከወረቀት ይልቅ እዚያ በቀላሉ ያነበዋል፤ የተራራውን ዋጋ ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ለጥናቱ ቁልፍ የሆነው ነገር ቤዛዊት እንደ ሕዝብ መናፈሻ ታስቦ አለመሠራቱ ነው። ግቢው ለአንድ ቤተሰብና ለእንግዶቹ፣ መንገዱም ለጥቂት መኪና ተበጀ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ቤቱ ለብዙ ዓመታት በጥበቃ ሥር ተዘግቶ ሲቆይ፣ ሰው ከአጥሩ ውጭ ያለውን ደጅ መናፈሻው አደረገው። ሙሽራ ፎቶ የሚነሳበት፣ ተማሪ የሚያጠናበት፣ እንግዳ የሚወሰድበት ቦታ ሆነ። ስለዚህ መናፈሻው የሚኖረው መናፈሻ ተብሎ ባልተበጀ ገደል ላይ ነው። ደረጃ፣ የጎርፍ ቦይ፣ መቀመጫና መጸዳጃ እግር ለበዛበት ቦታ በሚገባው መጠን አልታሰቡለትም። ስለ ቤዛዊት ሲወራ ትኩረቱ ሁሉ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቤቱ ይታደስ፣ ሙዚየም ይሁን ይባላል። ያ ተገቢ ነው። የቦታውን ውበት በየክረምቱ የሚሸረሽረው ችግር ግን ከአጥሩ ውጭ፣ ከእግራችን ሥር ነው።

በመጀመሪያ ሰው ለምን እንደሚወጣ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሚጠበቀው ነገር እርሱ ነውና። ከተማውና ሐይቁ በምዕራብና በሰሜን ምዕራብ ስላሉ የጠዋት ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ ትወጣለች። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ውሃው ሰማያዊ፣ የከተማው ጣሪያ ጥርት ያለ ይሆናል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለሆነች ሁሉም ነገር ጥላ ይመስላል፤ ማታ 12 ሰዓት ሲቃረብ ግን ዓባይ ወርቅ ለብሶ ይታያል። ከወንዙ ጠርዝ ባለው ደንገል መሃል ጉማሬ ለማየት የሚመጣ ሰው ማለዳ ወይም አመሻሽ ይምረጥ፤ ቀትር ላይ ጉማሬ ውሃ ውስጥ ተደፍቶ ይውላል፣ ከላይ ለሚያይ ከድንጋይ አይለይም።

የወንዙ መልክ ራሱ በሰው እጅ ተለውጧል። በሐይቁ መውጫ ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. በሁለት በሮች ጀምሮ በኋላ ሰባት በር ሆኗል። ግንቦት 2002 ላይ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ ሥራ ሲጀምር፣ የሐይቁ ውሃ ብዙ ድርሻ በሌላ በኩል ወደ በለስ መፍሰስ ጀመረ። ስለዚህ በመጋቢት ወጥቶ ቀጭን ወንዝና ብዙ አለት ያየ ሰው ተራራው ተለወጠ ብሎ እንዳያዝን፤ የሚያየው የበጋውንና የግድቡን ሥራ ነው። በመስከረም መጨረሻ ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ፣ ተዳፋቱም አደይ አበባ ለብሶ ያገኘዋል። ግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከላይ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ሆኗል፤ ወደ ተራራው የሚመጣውንም ሰው እንደሚያበዛው ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን እያንዳንዳቸው 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወስዳሉ። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ዝናብ በክረምት ብርቅ አይደለም። አንድ ሄክታር ተዳፋት እንውሰድ። አፈሩ በእግር ተረግጦ ሳሩ ከጠፋ የዝናቡ ግማሽ ያህል ሳይሰርግ ይወርዳል፤ ይህም በአንድ ሰዓት 150 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 750 በርሜል ውሃ ነው። በሴኮንድ ሲሰላ 42 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሳር በደንብ የያዘው ተመሳሳይ መሬት ግን የሚለቀው ከዚህ ግማሹን ያህል ነው። ልዩነቱን የፈጠረው የጠፋው ሳር ነው፤ ሳሩን ያጠፋው ደግሞ አቋራጩ ነው።

አቋራጭ እንዲህ ይጀምራል። መንገዱ ተጠማዞ ይወጣል፤ በእግር የሚሄድ ሰው ግን ጥምዝምዙን ቆርጦ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በመጀመሪያው በጋ ሳሩ ይሳሳል። በሁለተኛው አፈሩ ይጠነክርና ውሃ አልሰርግ ይላል። በክረምቱ ጎርፍ ያችን ቀጭን መስመር ቦይ ያደርጋታል፤ ጥልቀቷ አንድ ስንዝር ሲደርስ ሰው በውስጧ መሄድ አቅቶት ከጎኗ ሌላ መስመር ይከፍታል። በአራት በአምስት ዓመት ውስጥ ጎን ለጎን የተሰለፉ አራት ቦዮች ይሆኑና ተገናኝተው ቦረቦር ይፈጥራሉ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ ማንም ልብ ሳይለው የተራራው ግንባር ይላጣል። የታጠበው አፈር የሚሄደው ወደ ዓባይ ነው።

ቦረቦሩን በድንጋይ መሙላት ብዙ ጊዜ የሚደረግ ስህተት ነው። ምንጩ ሳይዘጋ የተሞላ ቦረቦር ውሃውን ወደ ጎን ገፍቶ አዲስ ያስቆፍራል። ሥራው ከላይ ወደ ታች መሄድ አለበት። መጀመሪያ ከተመልካቾች መቆሚያ በላይ፣ ተዳፋቱን አቋርጦ የሚያልፍ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ታቹ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጎኖቹ 45 ዲግሪ የተጋደሙ። ቁልቁለቱ በ100 ሜትር ርዝመት ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ብቻ ይሁን። ከዚያ ካነሰ ደለል ይሞላዋል፤ ከበለጠ ውሃው ቦዩን ራሱን ይቆፍረዋል። በዚህ መጠን የተሠራ ቦይ ከሁለት ሄክታር የሚመጣውን ጎርፍ ያለ ጭንቀት ይሸከማል፣ ለደለልም ቦታ ይተርፈዋል። ቁልቁለቱን በዓይን መገመት አይቻልም፤ ተዳፋት ላይ ዓይን ያታልላል። ሲባጎና ውሃ ልክ፣ ወይም ገበሬዎች ለእርከን የሚጠቀሙበት ኤ ፍሬም የሚባለው የእንጨት መለኪያ በቂ ነው። የተቆፈረው አፈር በታችኛው ጎን ተደልድሎ ወዲያው ሳር ይተከልበት።

ቦዩ የሚያበቃበት ቦታ ከቦዩ ይበልጣል። ውሃውን ሰብስቦ ባዶ ተዳፋት ላይ የሚለቅ ቦይ ካለመሠራቱ የከፋ ጥፋት ያደርሳል። መውረጃው በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ፣ በየ3 ሜትሩ ትንሽ ክትር ያለው፣ መጨረሻውም ተፈጥሯዊ አለት ላይ ወይም በመንገዱ ካልቨርት፣ ማለትም ከመንገዱ ሥር ባለው የውሃ ማሳለፊያ ውስጥ የሚያርፍ ይሁን። ካልቨርቱ ደግሞ በሰኔ ከተደፈነ ሁሉም ልፋት በአንድ ሌሊት ይሄዳል፤ የሚደፍነውም ብዙ ጊዜ ባዶ ሃይላንድ ነው። ተራራ ላይ የቆሻሻ መጣያ ጉዳይ ከጽዳት አልፎ የጎርፍ መከላከያ ሥራ አካል ነው።

አቋራጩን በእሾህ ማጠር ለአንድ ወር ይሠራል። ሰው የሚፈልገውን መስመር መቀበልና እዚያው ላይ ደረጃ መሥራት ይሻላል። የደረጃ ስሌት ቀላል ነው፤ የአንዱ ከፍታ ሁለት እጥፍ ሲደመር መርገጫው 63 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይምጣ። 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታና 33 ሳንቲ ሜትር መርገጫ ለሽማግሌም ለሕፃንም ይስማማል። 10 ሜትር ለመውጣት 67 ደረጃ፣ ማረፊያው ሳይቆጠር በአግድም 22 ሜትር ያስፈልጋል። በየ12 ደረጃው 1.5 ሜትር ማረፊያ ይግባ። ስፋቱ 1.5 ሜትር ከሆነ ለመርገጫው ብቻ 5 ሜትር ኩብ፣ ከመሠረቱ ጋር እጥፉን ያህል ድንጋይ ይጠይቃል። እያንዳንዱ መርገጫ ወደ ፊት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይዝመም፣ አለበለዚያ ውሃ ቆሞ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣል፣ ሰውም ይንሸራተታል። በደረጃው ግራና ቀኝ ጠባብ ቦይ ካልተሠራ ደረጃው ራሱ ፏፏቴ ይሆናል። መሠረቱም ከሥሩ እየታጠበ ድንጋዮቹ መወዛወዝ ይጀምራሉ፤ የተወዛወዘ ደረጃ ደግሞ ሰው ስለሚሸሸው አቋራጩ ተመልሶ ይመጣል።

ለመቀመጫ የሚሆን ሜዳ ለማውጣት የድጋፍ ግንብ ማስፈለጉ አይቀርም። ከፍታው 1.2 ሜትር ለሆነ ደረቅ የድንጋይ ካብ ታቹ 60፣ ላዩ 40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ፊቱ ወደ ተራራው ጋደል ይበል፤ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር መሠረት ይቆፈርለት። በአንድ ሜትር ርዝመት 0.85 ሜትር ኩብ ድንጋይ ገደማ ይገባል። 20 ሜትር ግንብ 17 ሜትር ኩብ ነው፤ ለብክነት ከ15 እስከ 20 በመቶ ይጨመርበት። በሲሚንቶ የሚሠራ ከሆነ ከጀርባው 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ተሞልቶ በየ1.5 ሜትሩ የውሃ ማስወጫ ቱቦ ይደረግ። ግንብ የሚያፈርሰው የአፈሩ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው የታሰረው ውሃ ግፊት ይበልጣል። ግንበኛ ስቲላቱራውን (በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ላይ የሚሠራውን የሲሚንቶ መስመር) አሳምሮ የውሃ ማስወጫውን አብሮ ሲደፍነው ግንቡ ለሁለት ክረምት ያምርና በሦስተኛው ሆዱ ይነፋል። በእኛ ግምት ለቤዛዊት ደረቅ ካብ ይሻላል፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ሲናድ በእጅ ይጠገናል፣ ከአካባቢው እርከንም ጋር ይመሳሰላል።

ዛፍ ላይ ደፈር ያለ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ከ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ወዲህ በየሐምሌው ችግኝ መትከል የአገር ልማድ ሆኗል፤ ለተራቆተ ተዳፋትም በረከት ነው። ቤዛዊት ግን የሚወደደው በእይታው ነው። በግምት የተተከለ ዛፍ ከ15 ዓመት በኋላ ጣናን ይጋርዳል፣ ያኔ ዛፉን የሚቆርጥ ሰው ይወቀሳል፣ የተከለው ግን አይጠየቅም። ስሌቱ እንዲህ ነው። በ100 ሜትር 30 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ላይ ከመቀመጫው በአግድም 40 ሜትር ወርዶ የተተከለ ዛፍ መሬቱ ከመቀመጫው 12 ሜትር ዝቅ ይላል። ዛፉ 15 ሜትር ሲደርስ ጫፉ ከመቀመጫው ወለል 3 ሜትር፣ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ደግሞ 1.8 ሜትር ከፍ ብሎ ሐይቁን ይሸፍናል። 60 ሜትር ላይ ቢተከል ጫፉ ከወለሉ 3 ሜትር በታች ይቀራል፤ አድማሱንና ሐይቁን አይነካም፣ ከሥር ያለውን ወንዝ ግን አሁንም ሊከልል ይችላል። ስለዚህ ከመትከል በፊት አንድ ሰው መቀመጫው ላይ ይቀመጥ፣ ሌላው በረጅም ሸንበቆ ጫፍ ጨርቅ አስሮ ታች ይቁምና፣ የት ላይ ምን ያህል ቁመት እንደሚፈቀድ በካስማ ምልክት ያድርግ።

ከመቀመጫው ወደ ሐይቁና ወደ ወንዙ የ30 ዲግሪ መስኮት ክፍት ይተው፤ 50 ሜትር ላይ ስፋቱ 27 ሜትር ገደማ ነው። በመስኮቱ ውስጥ ሰርዶ፣ ቬቲቨር ሳርና ቁጥቋጦ ብቻ ይብቀል። ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ዶቅማና ወይራ ይተከሉ፤ ለትልቅ ጥላ አንድ ሁለት ዋርካ በሰፊ ቦታ፣ ከግንብና ከደረጃ ርቆ ይግባ፣ ሥሩ ድንጋይ ይፈነቅላልና። ለጥላ የሚተከል ዛፍ እርቀቱ ከ8 እስከ 10 ሜትር ይሁን እንጂ እንደ ጣውላ ደን በ2.5 ሜትር አይጠጋጋ። ባሕር ዛፍ ካለ ሥሩ አይነቀል። ጉቶው አፈሩን ይዟልና ተቆርጦ፣ የሚያቆጠቁጠው እየተመለመለ በአጠገቡ አገር በቀሉ ይደግ። የወፍ ቆሎ ደግሞ አበባው ቢያምርም ሳር አጥፊ ነው፤ ፍሬ ሳይይዝ ከሥሩ ይነቀል፣ ከላይ ብቻ ከተቆረጠ ይበልጥ ይበዛልና።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ወንዙ ከሥር እየታየ ችግኝ በየካቲት ይደርቃል። 200 ችግኝ እያንዳንዱ በሳምንት 15 ሊትር ቢያገኝ 3 ሜትር ኩብ ነው፤ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ባሉት 26 ሳምንታት 78 ሜትር ኩብ ይሆናል። መፍትሔው ከአናቱ ላይ አለ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በአሸንዳና በማጠራቀሚያ ቢያዝ፣ ከብክነቱ በኋላ በዓመት 110 ሜትር ኩብ ያህል የዝናብ ውሃ ይሰጣል። 50 ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንከር ከተቀበረ የበጋው ፍላጎት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይሸፈናል፣ የቀረው በቦቴ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ችግኝ ከተዳፋቱ በታች በኩል የግማሽ ጨረቃ እርከን ከተሠራለትና ግርጌው በደረቅ ሳር ከተሸፈነ ፍላጎቱ ራሱ ይቀንሳል።

ይህ የቤቱን ጣሪያ ጉዳይ ያነሳል። የተዘጋ ቤት ከሚኖርበት ቤት ቶሎ ያረጃል፣ ፍሳሹን የሚያይ የለምና። በአሸንዳው ውስጥ የተከማቸ ቅጠል ውሃውን ወደ ግድግዳው ይመልሳል፤ ኮንክሪት ውስጥ ያለው ብረት ሲዝግ አብጦ ልስኑን ይገፋል። አሸንዳ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት መጨረሻና በጥቅምት፣ መጠረግ አለበት። ቤቱ ለሕዝብ እስኪከፈት መጠበቅ የማያስፈልገው ሥራ ይህ ነው። ሲከፈት ደግሞ መግቢያው፣ መጸዳጃውና የጀበና ቡናው ቦታ ከመኪና ማቆሚያው ጎን በጠጣሩ መሬት ላይ ይሁን፤ ተዳፋቱ ጫፍ ላይ የተሠራ ካፌ እይታውን ለጥቂት ሰው ሸጦ ለሌላው ይዘጋዋል።

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ በመቀልበሻው ቦይ ይጀመር። 120 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከላይ በተባለው መጠን የሚቆፈር ቦይ 60 ሜትር ኩብ አፈር ነው። በተፋሰስ ሥራ አንድ ሰው በቀን 0.7 ሜትር ኩብ ገደማ ይቆፍራል ተብሎ ይታሰባል፤ ስለዚህ 86 የሰው ቀን፣ ወይም 12 ሠራተኛ ለአንድ ሳምንት ያህል ማለት ነው። ጊዜው ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ነው። ከዚያ በፊት መሬቱ ደርቆ ለዶማ ያስቸግራል፤ ሰኔ ከገባ በኋላ ደግሞ የተቆፈረው አፈር ሳር ሳይዝ ይታጠባል። ቁፋሮው ሳይጀመር ሦስት ቋሚ የብረት ካስማዎች ይተከሉ፤ አንዱ ከመቀመጫው አጠገብ፣ አንዱ በትልቁ አቋራጭ ራስ ላይ፣ አንዱ በቦዩ መውጫ። በየዓመቱ በሚያዝያና በመስከረም ከእያንዳንዱ ካስማ በአንድ አቅጣጫ ፎቶ ይነሳ፣ ከካስማው ጫፍ እስከ መሬቱ ያለው ርቀትም በሜትር ይለካና ይመዝገብ። ርቀቱ ከአንድ ክረምት በኋላ በ2 ሳንቲ ሜትር ከጨመረ አፈሩ አሁንም እየሄደ ነውና፣ ወደ ቦዩ አናት ወጥቶ ውሃው የት እንዳመለጠ መፈለግ ነው።